ለሊኑክስ ሰርቨር አቅራቢ ስለ መምረጥ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ሲሰሙት የባለሙያዎች ብቻ የሚመስል ነው፤ ይኸውም በሊኑክስ ለሚሠራ ሰርቨር የሚሆነውን መሣሪያ ከማን መግዛት እንደሚገባ ነው። «ይህስ የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የጨረታውን ሰነድ የሚያዘጋጀው የግዥ ክፍል ነው፤ ዋጋውን የሚያወዳድረው ኮሚቴው ነው፤ ዕቃውን በሞዴል 19 የሚረከበው ንብረት ክፍል ነው፤ ገንዘቡንም የሚከፍለው ሒሳብ ክፍል ነው። መሣሪያው የቆመ ዕለት ደግሞ ባለጉዳዩን ፊት ለፊት እያየ «ነገ ይመለሱ» የሚለው በመስኮቱ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው። እንግዲህ ከመካከላችን ይህ ነገር የማይነካው ሰው ጥቂት ነው።

አስቀድሜ ሁለቱን ስሞች ላብራራ። ሰርቨር የምንለው በጠረጴዛችን ላይ እንደምናየው ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግለውን ሳይሆን፥ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ቆሞ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ሁሉ የሚጠብቀውንና ለጠየቀው ሁሉ የሚያቀርበውን ኮምፒውተር ነው። በቀድሞው አነጋገር መዝገብ ቤቱም፥ የመዝገብ ቤቱ ሹምም እርሱው ነው ማለት ይቻላል። ሊኑክስ ደግሞ ያን ኮምፒውተር የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ በ1991 ለሕዝብ አስታወቀው፤ በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች እየተቀባበሉ አሳድገውት፥ ከኅዳር ወር 2017 ጀምሮ በዓለም ላይ በኃይላቸው ከሚመዘገቡት 500 ታላላቅ ኮምፒውተሮች አንድ ሳይቀር በሊኑክስ የሚሠሩ ሆነዋል። ማንም ሰው ሊኑክስን ገልብጦ ለመውሰድ፥ አሠራሩን ለመመርመርና ለማሻሻል ፈቃድ አለው። እርዳታና ጥገና በውል ለሚፈልግ ብቻ የሚከፈልባቸው ድርጅቶች አሉ።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ፥ ገዢው «ዋናው ነገር በነጻ ተገኝቷል፤ ሣጥኑስ ከየትም ቢመጣ ምን ልዩነት አለው? ርካሹን እንውሰድ» ይላል። ይህን የሚለውን ሰው አልነቅፈውም፤ እኔም ብዬዋለሁና።

ወደ ራዲዮ ሥራ ከመዛወሬ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። ሰርቨር ለመግዛት የወጣው የእኛ ዝርዝር አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት፥ የሜሞሪውንና የዲስኩን መጠን ጽፈን ስለ ጥገና ግን አንዲት ቃል አላኖርንም። ሦስት ነጋዴዎች ተወዳደሩ። «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸናፊ ሆኗል» ብዬ ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍሁ፤ ሁሉም ፈረሙበት። መሣሪያው ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ግን ዲስኮቹን የሚያዘው የመቆጣጠሪያ ካርድ ተቃጠለ። ዲስኮቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ሆኖም ጽሑፉ የተጻፈባቸው በዚያ ካርድ የራሱ ሥርዓት ስለ ሆነ ሌላ ዐይነት ካርድ ሊያነባቸው አልቻለም። ሻጩን ብንፈልገው ኮምፒውተር መሸጡን ትቶ ቆርቆሮና ሚስማር ይነግዳል። ለፋብሪካው ብንጽፍ «ይህ መሣሪያ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ስለ ሆነ ዋስትናው እናንተ ዘንድ አይጸናም» የሚል መልስ መጣልን። በሌላ ቦታ ያስቀመጥነው ቅጂ የአራት ወር አሮጌ ነበር። ተመሳሳዩ ካርድ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ 23 ቀን ቆምን።

በእነዚያ ቀኖች አንድ ጡረተኛ አዛውንት የአገልግሎት ዘመናቸውን ማስረጃ ለማውጣት ይመላለሱ ነበር። በአራተኛው ጊዜ ሲመጡ፥ «አባባ፤ መሣሪያው ተበላሽቶብን ነው፤ እባክዎ ጥቂት ይታገሡን» አልኋቸው። እርሳቸውም ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ፥ «ልጄ፤ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ መዝገብ ቤቱ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቃለ ጉባኤው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነውና።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። እንግዲህ እንዴት መጥነን ልንደቁስ እንደሚገባን እንመልከት።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ዋጋ ጠይቀው ብቻ ገመዷን አይቀበሉም። ጥርሷን ያያሉ፤ ጀርባዋን ይዳስሳሉ፤ ሸኮናዋን ያነሣሉ፤ በሚሄዱበት መንገድ ትችል እንደ ሆነ ጥቂት ተቀምጠውባት አካሄዷን ይፈትናሉ። በመጨረሻም ሻጩን «ዋስህን ጥራ» ይሉታል። እኛ ከበቅሎ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ያለውን፥ የሕዝብም መዝገብ የሚጫንበትን መሣሪያ ስንገዛ ይህን ጥበብ ስለ ምን እንረሳዋለን? ከዚህ በታች ያሉት አራት ጥያቄዎች ከዚያው ከበቅሎ ገበያ የተወሰዱ ናቸው ብትሉ አልቃወምም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ መሣሪያው ከምንጠቀምበት ሊኑክስ ጋር ይስማማልን? የሚለው ነው።

በሰርቨር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ክፍል፥ ማለት የዲስክ መቆጣጠሪያው፥ የመገናኛ መረብ ካርዱና ሌላውም፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንዲያዝዘው ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ይህ አስተርጓሚ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ከርነል በሚባለው በሊኑክስ እምብርት ውስጥ አብሮ ያለ ነው፤ ከርነሉን የሚያሻሽሉት ሰዎች ባሻሻሉት ቍጥር እርሱንም አብረው ያስተካክሉታል። ሁለተኛው አምራቹ ለብቻው የሚሰጠው ነው። የከርነሉ ሠሪዎች ደግሞ የውስጡን አሠራር እንደ ነበረ ለማቆየት ቃል አልገቡምና፥ ከውጭ የመጣው ድራይቨር ከርነሉ በታደሰ ጊዜ ሊሰናከል ይችላል። እስኪሰናከል ድረስ ሁለቱ ልዩነት የላቸውም፤ ከተሰናከለ በኋላ ግን አንደኛው መሥሪያ ቤት ሥራውን ሲቀጥል ሁለተኛው አምራቹ አዲስ ድራይቨር እስኪሰጠው ይጠብቃል። ስለዚህ ሻጩን «የሁሉም ክፍሎች ድራይቨር በምንጠቀምበት ሊኑክስ ውስጥ አብሮ የሚገኝ ነውን?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት።

መልሱን ደግሞ ከሻጩ አፍ ብቻ አትቀበሉ። ሬድ ሃት፥ ሱሴና የኡቡንቱ ባለቤት የሆነው ካኖኒካል ፈትነው የመሰከሩላቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ማንም እንዲያየው በኢንተርኔት ያወጣሉ። በዚያ ውስጥ መፈለግ ያለበት የፋብሪካው ስም ሳይሆን የሞዴሉ ትክክለኛ ቍጥርና የሊኑክሱ ትክክለኛ እትም ነው። ታናሽ ወንድም ተመስክሮለታል ማለት ለታላቁ ተመስክሮለታል ማለት አይደለምና።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አለመሆኑን ለማሳየት ጥቂት ልናገር። ሬድ ሃት በ2019 ስምንተኛውን እትም ሲያወጣ የቈዩ የዲስክ መቆጣጠሪያዎችን ከሚደግፋቸው ዝርዝር አስወጥቷል፤ በ2022 የወጣው ዘጠነኛውና በ2025 የወጣው ዐሥረኛው እትም ደግሞ ከፕሮሰሰሩ የሚጠይቁትን ዝቅተኛ ችሎታ ከፍ አድርገዋል። በዚህም ምክንያት ኢንቴል በ2013 ያወጣው ዚዮን ኢ5 2600 ሁለተኛው ትውልድ የተባለው ፕሮሰሰር ዐሥረኛውን እትም ሊያስነሣ አይችልም። እንግዲህ ታድሶ የሚሸጥ አሮጌ ሰርቨር በዋጋው ሲማርካችሁ፥ ዛሬ መነሣቱን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚመጣውን እትም መሸከሙንም ጠይቁ። ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ መሣሪያ ገዝቶ የብዙ ዓመት አሮጌ ሊኑክስ ሊጭኑበት ቢሞክሩ፥ አሮጌው አዲሱን ክፍል አያውቀውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ሊኑክሱ ይመረጣል፥ ከዚያ በኋላ መሣሪያው። ሊኑክሱም ሲመረጥ ዕድሜው ይታያል። የሬድ ሃት አንድ ዐቢይ እትም ለዐሥር ዓመት ይደገፋል፤ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚወጣው ኡቡንቱ በመደበኛው አምስት ዓመት ይደገፋል። የተነገረው ዕድሜም ሊያጥር እንደሚችል ያየነው በሴንቶስ ነው። ስምንተኛው ሴንቶስ እስከ 2029 ይቈያል ተብሎ ሲጠበቅ፥ በታኅሣሥ ወር 2020 በወጣው ማስታወቂያ ዕድሜው በ2021 መጨረሻ እንዲያበቃ ተደረገ። በርሱ ላይ የተማመኑ ሁሉ ወደ ሌላ መሻገር ግድ ሆነባቸው፤ መሣሪያቸው በሌሎች እትሞችም የታወቀ የነበረው ሰዎች ግን ሲሻገሩ ብዙ አልተቸገሩም።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ዋሱ ማን ነው? የሚለው ነው።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በ1993 የተመሠረተ፥ በኋላም ቪ ኤ ሊኑክስ ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ ነበር። ሥራው በተለይ ለሊኑክስ የተስማሙ ሰርቨሮችን እየሠራ መሸጥ ነበር፤ ለሊኑክስ ገዢ ከርሱ የተሻለ አቅራቢ ይገኛል ብሎ ማሰብ በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። በታኅሣሥ 9 ቀን 1999 አክሲዮኑ በ30 ዶላር ለገበያ ቀርቦ በዚያው ቀን ገበያው ሲዘጋ 239 ዶላር ከሩብ ደረሰ። ነገር ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ በ2001 ኩባንያው የመሣሪያ ንግዱን ጨርሶ ተወ። መሣሪያዎቹ ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ንግዱ ስላልተቃናለት ነው። የገዢዎቹ ሰርቨሮች ግን እንደ ቆሙ ነበሩ፤ ሠሪያቸው ብቻ ጠፋ።

ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያስ ከታላላቆቹ ብቻ መግዛት ነው» እንዳትሉ፥ ታላላቆቹም ይለዋወጣሉ። አይ ቢ ኤም በኢንቴል ዐይነት ፕሮሰሰር የሚሠሩትን ሰርቨሮቹን በ2014 ለሌኖቮ ሸጧል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2010 በኦራክል ተገዝቷል። ሂዩሌት ፓካርድም በ2015 ለሁለት ተከፍሎ ሰርቨሩ ሂዩሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ለተባለው ደርሷል። በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ስም ለዘላለም ዋስ አይሆንም። ዋስ የሚሆነው ውሉ ነው፤ ቀጥሎም በከተማችን ውስጥ የሚገኘው ሰው ነው።

ስለዚህ ከውሉ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባል። ሻጩ የአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ስለ መሆኑ ከአምራቹ የተጻፈ ደብዳቤ አለውን? ዋስትናው በኢትዮጵያ ውስጥ የሚጸና መሆኑ በጽሑፍ ተገልጿልን? የመሣሪያው መለያ ቍጥር በመሥሪያ ቤታችን ስም ይመዘገባልን? «በማግሥቱ የሥራ ቀን አገልግሎት እንሰጣለን» ሲል፥ በማግሥቱ የሚሆነው ምንድን ነው፤ ስልክ ማንሣቱ ነው? መለዋወጫው ከውጭ አገር መነሣቱ ነው? ወይስ ባለሙያው መለዋወጫውን ይዞ በራችን መድረሱ? እነዚህ ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅልለው ይነገራሉ፤ በመካከላቸው ግን የሳምንታት ልዩነት አለ። መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ጊዜ በውሉ ላይ ስለማይጻፍ እናንተው አስቡት።

ከሁሉ የሚሻለው ዋስ በራስ ግምጃ ቤት የተቀመጠ መለዋወጫ ነው። ሰርቨሩ ሲገዛ ሁለት ዲስክ፥ አንድ የኃይል ሳጥንና አንድ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ አብሮ ቢገዛ በጨረታው ዋጋ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ከአንድ ታላቅ ሰርቨርም ይልቅ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት መካከለኞችን መግዛት ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ይሻላል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይነሣልና። የእኔ የ23 ቀን ታሪክ በአንዲት ካርድ መግዛት የሚቀር ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ፥ ልጓሙ በማን እጅ ነው? የሚለው ነው።

ብዙ ዲስኮችን አንድ አድርጎ፥ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካው የሚያደርገው ሬይድ የተባለው ሥርዓት በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው መንገድ የተለየ የመቆጣጠሪያ ካርድ ነው፤ ይህ ካርድ ፈጣንና ምቹ ሊሆን ይችላል፤ ቢሞት ግን ብዙውን ጊዜ የራሱን ወገን ካርድ ይፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ሊኑክስ ራሱ ዲስኮቹን እንዲያጣምር ማድረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሣጥኑ ቢሞት ዲስኮቹ ተነቅለው በሚቀበላቸው በሌላ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሊነበቡ ይችላሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። መለዋወጫ ማግኘት በሚያስቸግርበት አገር ግን ሁለተኛውን መንገድ አስቀድሞ ማሰብ ብልኅነት ነው፤ ለዚህም ካርዱ ዲስኮቹን ሳይሸፍን ለሊኑክስ በቀጥታ የሚያሳይ መሆኑን ከሻጩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሬይድ ግን ቅጂን አይተካም፤ ይህን ከቶ አትርሱ። ዲስክ ሲሞት ያድናል እንጂ መዝገብ በስሕተት ሲፋቅ አያድንም።

ሁለተኛው ልጓም ፈርምዌር ነው፤ ይኸውም በመሣሪያው ክፍሎች ውስጥ የተቀመጠው የፋብሪካው ፕሮግራም ነው። ጉድለት ሲገኝበት ፋብሪካው የታደሰውን ያወጣል። ኤች ፒ በ2014 የአንዳንድ ሰርቨሮቹን የታደሰ ፈርምዌር ዋስትና ወይም የአገልግሎት ውል ላላቸው ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ስለዚህ ማንንም አቅራቢ፥ «የዋስትናው ዘመን ካለፈ በኋላ የታደሰውን ፈርምዌር ያለ ክፍያ እናገኛለንን? ከሊኑክስ ውስጥ ሆነንስ ልንጭነው እንችላለንን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኖ ለማስነሣትና ለመመልከት የሚያገለግለው ክፍል ነው፤ ዴል አይድራክ፥ ኤች ፒ ኢ አይሎ፥ ሌኖቮ ኤክስ ክላሪቲ ይሉታል። እሑድ ሌሊት መሣሪያው ቢቆም ባለሙያው ከቤቱ ሆኖ እንዲያነሣው የሚያስችል ታላቅ ረዳት ነው። ሆኖም ከሩቅ ሆኖ ገጹን ማየትን የመሰለው አገልግሎት ለብቻው በሚከፈልበት ፈቃድ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነውና፥ በቀረበው ዋጋ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ከ2015 ጀምሮ ሬድፊሽ የተባለ የጋራ ደንብ ወጥቶ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ስለሚቀበሉት፥ በርሱ የሚሠራ መሣሪያ ነገ አቅራቢ ለመለወጥ ይቀላል። ይህ በር ግን ለባለቤቱ እንደሚከፈት ለሌባም ሊከፈት ስለሚችል፥ ከተለመደው የመሥሪያ ቤት መረብ ተለይቶ መታሰር ይገባዋል።

አራተኛው ጥያቄ፥ በምንሄድበት መንገድ ትችላለችን? የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሚሆን ሙቀትን ተሸክሞ የማውጣት ኃይሉ ያንሳል። ከዚህ የተነሣ እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይሠራሉ የሚባሉት ብዙዎቹ ሰርቨሮች በመመሪያቸው ላይ «ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስ» የሚል ደንብ አላቸው። ሒሳቡን ብንሠራው ለአዲስ አበባ አምስት ዲግሪ ያህል ይቀነስና የመጨረሻው ወሰን ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። «ከተማችን ቀዝቃዛ ናት» ብለን መስኮት በሌለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ሰርቨሩን ብንዘጋበት፥ ያ ወሰን ሩቅ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከፍታው የሚቀንሰው ጥቂት ሆኖ የአየሩ ሙቀት ራሱ ይበረታል። የጨረታውን ሰነድ የምታዘጋጁ ሁሉ የከተማውን ከፍታና የክፍሉን ሙቀት በግልጽ ጻፉበት።

መብራት ስለሚጠፋበትና ስለሚዋዥቅበትም ነገር የምታውቁትን አልደግምላችሁም። ሁለት የኃይል ሳጥን ያለው ሰርቨር ይሁን፤ ሁለቱም በአንድ ሶኬት ላይ አይሰኩ፤ የመጠባበቂያ ባትሪውም ባትሪው ሊያልቅ ሲቃረብ ሊኑክሱን በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያስጠነቅቅ ይሁን። ሜሞሪውም ኢ ሲ ሲ የተባለው ስሕተቱን በራሱ የሚያርመው ዐይነት ይሁን፤ መዝገብ ለሚይዝ መሣሪያ ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ የሁላችንም ዐይን ያለው እዚያ ነውና። ለምሳሌ ያህል አንደኛው ነጋዴ 600,000 ብር፥ ሁለተኛው ደግሞ የአምስት ዓመት የአገር ውስጥ ዋስትናና መለዋወጫ ጨምሮ 780,000 ብር አቀረቡ እንበል። ልዩነቱ 180,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ለአምስት ዓመት ሲካፈል በቀን መቶ ብር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ሰርቨሩ ለ17 የሥራ ቀን ቆሞ፥ በቀን በአማካይ 300 ብር የሚከፈላቸው 40 ሠራተኞች ያለ ሥራ ቢቀመጡ፥ በከንቱ የሚወጣው ደመወዝ ብቻ 204,000 ብር ይሆናል። በየቀኑ ከየሰፈሩ የታክሲ እየከፈለ የሚመላለሰውን ባለጉዳይ ገና አልቈጠርነውም። ርካሹ ዕቃ የትኛው እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ።

«ታዲያ ዴል፥ ኤች ፒ ኢ፥ ሌኖቮ ወይስ ሱፐርማይክሮ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ ስም ጠርቼ አልመርጥላችሁም፤ በጨረታ ሰነድም የአንድን ፋብሪካ ስም ብቻ ጠርቶ መጻፍ ውድድርን ያደናቅፋል። በጠቅላላው ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተመሰከረላቸው ሞዴሎች በብዛት አሏቸው፤ የተሟላ የአገልግሎት ውልም ይሸጣሉ፤ በአንጻሩ በብዙው ነገር የራሳቸውን ክፍሎች እንድትገዙ ይፈልጋሉ። በሱፐርማይክሮ ክፍሎች የሚገጣጠመው ሰርቨር ብዙ ጊዜ በዋጋ ይቀላል፤ ክፍሎቹንም ከልዩ ልዩ ቦታ ለማግኘት ይመቻል፤ ነገር ግን ሲበላሽ የሚያገላብጠው ሠራተኛ በቤታችሁ መኖር አለበት። ስለዚህ ምርጫው ካላችሁ ሰው ይጀምራል። ሁለት ብርቱ ባለሙያ ያለው መሥሪያ ቤት ሁለተኛውን መንገድ ቢመርጥ ያተርፋል፤ አንድም የሌለው ግን ለአገልግሎት ውል መክፈሉን አይሽሽ።

የመጨረሻው ምክሬ ለንብረት ክፍልና ለርክክብ ኮሚቴ ነው። ሞዴል 19 ሳይቈረጥ በፊት ሊኑክሱ በባለሙያችሁ እጅ ከፍላሽ ላይ ይነሣ፤ የሣጥኑ መለያ ቍጥር ከአምራቹ መዝገብ ጋር ይመሳከር፤ የሜሞሪው መፈተኛ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ። ከዚያም ጠቃሚ መዝገብ ሳይጫንበት፥ መሣሪያው እየሠራ ሳለ ከሁለቱ የኃይል ገመዶች አንዱ ይነቀል፤ ሳይቆም እንዲነቀል የተሠራ ከሆነ አንድ ዲስክም ይነቀል። ሻጩ ይህን ፈተና የሚፈራ ከሆነ፥ መሣሪያውን ሳይሆን ፍርሃቱን ተመልከቱ። ፈተናውም በውሉ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን፤ በርክክቡ ቀን ማንሣት «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ያ አዛውንት በመጨረሻ ማስረጃቸውን አገኙ። በእጃቸው ስሰጣቸው ሁለት ጊዜ አንብበው፥ አጥፈው በኪሳቸው ከተቱና «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። አልተቈጡም። ቢቈጡ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በጨረታው ቀን ከዚያ ኮሚቴ አንዳችን እንኳ «ይህ ካርድ ቢቃጠልስ ማን ይሰጠናል?» ብለን ብንጠይቅ ኖሮ፥ እርሳቸው አራት ጊዜ ባልተመላለሱ ነበር። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ጨረታ ያ ሰው እናንተ እንድትሆኑ እለምናችኋለሁ።